የአባባ 79 ብር ከ50

ለተግባር ልምምድ የት ትሄጃለሽ ስባል ቆቦ አልኩ። ቤተሰቦቼ እዚያው ስላሉ የቤት ኪራይም የምግብም ወጪ የለብኝም። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በራያ ቆላ የሚመረተውን ማሽላና ጤፍ እየገዛ ወደ ወልድያና ደሴ በሚጭን አንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ስሙን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። ቢሮው ከእህል መጋዘኑ ጋር አንድ ጣሪያ ይጋራል፤ የቆቦን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ኮምፒውተሩም ሰውም እኩል ይደክማል። ጠረጴዛው በጠዋት ቢወለወልም ቀትር ላይ የጤፍ ብናኝ ለብሶ ይገኛል።

ድርጅቱ አሥር ሠራተኞች አሉት። የሒሳብ ሠራተኛው በትርፍ ሰዓት የሚመጣ ሰው ስለሆነ የደመወዝ መክፈያውን ማዘጋጀት ለእኔ ተሰጠ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ፍላሽ አቀበለኝና «ደመወዙን ብቻ አስገቢ፣ ቀሪውን ራሱ ይሠራዋል» አለኝ። በኤክሴል የተሠራ ቅጽ ነው። ማን እንደሠራው እዚያ ቤት የሚያውቅ የለም፤ ከድርጅት ድርጅት በፍላሽ ሲዞር የኖረ ይመስለኛል። እውነትም ደመወዝ ሲገባለት ግብሩን፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮውንና የተጣራ ተከፋዩን ወዲያው ያወጣል። የነሐሴን ሠራሁ፣ የመስከረምን ሠራሁ፣ አተምኩ፣ አስፈረምኩ። በልቤም «ይኼው ተማርኩ» ብያለሁ።

ጥቅምት ሲገባ ከሁለቱ የጥበቃ ሠራተኞች ትልቁ ወደ ቢሮ መጡ። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ሒሳብ ተምረሻል አሉኝ።»

«ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ።»

«ያ ጎረምሳ ሁለት ሺሕ ነው ደመወዙ። የእኔ ሁለት ሺሕ አንድ መቶ። አይደለም?»

«ነው።»

«እርሱ 1,860 ይወስዳል። እኔ ደግሞ 1,780 ከሃምሳ። እኔ ነኝ ወይ የምበልጠው እርሱ?»

እዚህ ላይ ያልኩትን ሳልደብቅ ልጻፍ። «አባባ፣ ግብሩን የሚቆርጠው ድርጅቱ አይደለም፣ መንግሥት ነው። እስከ ሁለት ሺሕ ብር ነፃ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን ይቆረጣል። ሕጉ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም «እንግዲህ ሕግ ከሆነ» ብለው ወጡ። ሲወጡ ግን ባርኔጣቸውን አላጠለቁም፤ ያ ነገር እስከ ማታ ድረስ ከዓይኔ አልጠፋም። ያቺን የመቶ ብር ጭማሪ ያገኙት ለረጅም ዘመን አገልግሎታቸው ነው። ሥራውን ለጎረምሳው ያሳዩትም እሳቸው ናቸው።

ማታ መብራት ስላልነበረ በሻማ ተቀምጬ በእርሳስ ሠራሁት። በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ያለው ወርኃዊ ደመወዝ ግብር የለበትም። ከ2,001 እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ነው። ስለዚህ የአባባ ግብር ከ2,000 በላይ ባለችው 100 ብር ላይ ብቻ የሚታሰብ 15 ብር ነው። ኤክሴሉ የቆረጠው ግን 172 ብር ከ50 ነው። የ157 ብር ከ50 ልዩነት! መጀመሪያ የተሳሳትኩ እኔ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

በማግስቱ ማልጄ ገብቼ ቅጹን ፈለፈልኩት። የግብር ሠንጠረዡ ያለው በተደበቀ ገጽ ላይ ነው። ስከፍተው የደመወዝ እርከኖቹ ሁሉ አዲሶቹ ናቸው፦ 2,000፣ 4,000፣ 7,000፣ 10,000፣ 14,000። መጣኔዎቹም ልክ ናቸው። መቀነሻዎቹ ግን 142.50፣ 302.50፣ 565፣ 955፣ 1,500 ይላሉ። እነዚህን ቁጥሮች የዲፓርትመንታችን ተማሪ ሁሉ ከእንቅልፉ ቢቀሰቀስ ይወጣቸዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ጊዜ የነበሩት ናቸው። አዲሱ ሕግ ሲመጣ ቅጹን ያስተካከለው ሰው እርከኑን ለውጦ መቀነሻውን ረስቶታል። ስህተቱ ለምን ዓይን ውስጥ እንደማይገባም ገባኝ፤ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እና 35 በመቶ በአሮጌውም በአዲሱም ሕግ አሉ። የጠፋችው 10 በመቶዋ ብቻ ነች። ስለዚህ አሮጌው መቀነሻ ከመጣኔው አጠገብ ሲታይ የለመድነው ጎረቤት ይመስላል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበል። መቀነሻ የሚባለውን ክፍል ውስጥ እንደ ስልክ ቁጥር ነው የሸመደድኩት። ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ግን ወረቀት ላይ አወጣሁት። ደመወዙን በሙሉ በ15 በመቶ ስናባዛ ነፃ የሆነውን 2,000 ብርም አብረን ግብር አስከፍለነዋል፤ የእርሱ 15 በመቶ 300 ብር ነው። ስለዚህ 300 መልሰን እንቀንሳለን። ለ20 በመቶው 500፣ ለ25ቱ 850፣ ለ30ው 1,350፣ ለ35ቱ 2,050 በዚሁ መንገድ ይወጣል። መሸምደድ አያስፈልገውም ነበር።

አንድ መፈተኛም ራሴ አገኘሁ። እርከኑ ከሚያልቅበት ቁጥር ላይ አንድ ብር ጨምሮ ማየት ነው። በትክክለኛው ስሌት 4,000 ብር የሚያገኝ ሰው ግብሩ 300 ሲሆን 4,001 የሚያገኘው 300 ብር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። በእኛ ቅጽ ግን 457.50 የነበረው በአንድ ብር ጭማሪ 497.70 ገባ። ግብር እንዲህ አይዘልም። ከዘለለ ሠንጠረዡ ተበላሽቷል ማለት ነው።

የሚገርመው ሌላው ሠራተኛ ዝም ማለቱ ነው። ደመወዙ 6,000 የሆነው ሾፌር በአሮጌው ሕግ 935 ብር ይቆረጥበት ነበር። በተበላሸው ቅጽ 897.50 ሲሆንለት «ተመስገን፣ ግብር ቀነሰልን» እያለ ሻይ ጋብዞናል። መቆረጥ የነበረበት 700 ብር ነው! በየወሩ 197 ብር ከ50 እየተወሰደበት ነበር የጋበዘን። አባባ ያወቁትም ትምህርት ኖሯቸው ሳይሆን አጠገባቸው የሚወዳደሩበት ሰው ስላለ ብቻ ነው።

አሥሩንም አስልቼ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ከጎረምሳው በቀር ዘጠኙ ላይ በወር በጠቅላላው 1,815 ብር፣ በሦስቱ ወራት 5,445 ብር በብልጫ ተቆርጧል። «ለመንግሥት የገባ ገንዘብ አንዴ ገባ ነው፤ ማን ይመልስልሻል?» አለኝ። ቀናም ብሎ አላየኝም። እኔም የራሱን መስመር አሳየሁት። ደመወዙ 12,000 ነው፤ 2,250 መቆረጥ ሲገባው 2,645 ተቆርጧል። በሦስት ወር 1,185 ብር። ወንበሩን አስጠጋና «እስቲ ድገሚው» አለኝ።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ይህን በስልክ ስነግረው ሳቀ። እነርሱ በየዓመቱ ሪፈንድ የሚሉት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጋቢት ውስጥ ለ2020 ዓመት እስከ 10,200 ዶላር ያለው የሥራ አጥነት ድጎማ ለብዙዎች ከግብር ነፃ እንዲሆን ሕግ ሲወጣ፣ ብዙ ሰው በአሮጌው ሕግ በተሠራ ሶፍትዌር አስልቶ አስገብቶ ነበር። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ራሱ እንደገና አስልቶ ትርፉን መለሰላቸው። እኛ አገር በአንድ ቀጣሪ ዘንድ የሚሠራ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ምንም አያስታውቅም፤ ቀጣሪው በየወሩ ቀንሶ ካስገባ እዚያው አለቀ። ስለዚህ ኤክሴሉ ከተሳሳተ ደመወዝተኛው የሚያይበት ሌላ ወረቀት የለውም። ቢሆንም የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በብልጫ የተከፈለ ግብር ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲመለስ መጠየቅን ይፈቅዳል።

ደብዳቤውን እኔ አረቀቅሁ። የሦስቱን ወር አሮጌና የታረመ የደመወዝ መክፈያ ጎን ለጎን አድርገን ከደረሰኞቹ ጋር አያይዘን አስገባን። ይህን እስከምጽፍ ድረስ ውሳኔው አልደረሰም፤ የጥቅምት ደመወዝ ግን በታረመው ተከፍሏል። የሦስቱ ወር ተመላሽ እስኪመጣ ሁሉም ይጠብቅ ተባለ። እኔ የአባባን ብቻ ቀድመው ይክፈሉልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ቀሪው ሰው ይችላል። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት አጉረመረመና ከካዝናው እንዲሰጣቸው አዘዘ።

ወደ በሩ ሄጄ «አባባ፣ ያን ጊዜ ሕጉ ነው ያልኩዎት እኔ ነበርኩ፣ ተሳስቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። አራት መቶ ሰባ ሁለት ብር በእጃቸው አስቀመጥኩ። ቀስ ብለው ቆጠሩት፤ ጎረምሳው ከአጥሩ ሥር ቆሞ ያያል። ቆጥረው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ በወር 157 ከሃምሳ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«በሦስት ሲባዛ ሃምሳ ሳንቲም ይቀራል።»

ተመልሼ ሳንቲሟን ካዝና ውስጥ ፈለግሁ። ስላልነበረች ከራሴ ቦርሳ አንድ ብር አውጥቼ ሰጠኋቸው። አባባም ባርኔጣቸውን አጠለቁና «መልሱን የጥቅምት ላይ ቁረጪው» አሉኝ።