ቱራ

ዛሬ አንዲት የፊንላንድ ቃል ላስተምራችሁ። የድሮ ተማሪዎቼ አትሳቁ፤ የማስተማር አመል አይለቅም።

ቃሏ «ቱራ» ትባላለች። የእኛን ድጅኖ አስቡ፤ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ የተሳለ ብረት። እኛ በድጅኖ ድንጋይ እንፈነቅላለን፣ እነሱ በቱራ የረጋ ሐይቅ ይበሳሉ። የበረዶ መሰርሰሪያ ሳይመጣ በፊት ውሃ ለመቅዳትም ሆነ ከበረዶው ሥር መረብ ለመዘርጋት ቀዳዳው የሚከፈተው በእሷ ነበር።

ጎረቤቴ ሰባን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ በልቤ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ባለፈው ታኅሣሥ ዓሣ እናጥምድ ብለው ሳይማ ሐይቅ ወሰዱኝ። መጀመሪያ አንገቴ ላይ በገመድ የታሰሩ ሁለት ሹል ነገሮች አንጠለጠሉልኝ። «ናስካሊ» ይባላል፤ የጫማ ሰፊ ወስፌም በእነሱ ቋንቋ ናስካሊ ነው። «ከሰመጥክ በረዶው ላይ ወግተህ ትወጣበታለህ» አሉኝ። ደስ ይላል!

ከዚያ በቱራው ፊታቸውን እየመቱ መራመድ ጀመሩ። መታ፣ እርምጃ። መታ፣ እርምጃ። ጠንካራ በረዶ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ እግረኛ ይሸከማል፤ ግን ሐይቅ ሁሉም ቦታ እኩል አይረጋም። ውሃ የሚፈስበት፣ ሸምበቆ ያለበት ይሳሳል። እኔ ደግሞ በርዶኛል።

«ከልጅነትዎ የሚያውቁት ሐይቅ አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

«ሐይቁን አውቀዋለሁ። የዛሬውን በረዶ ግን አላውቀውም።»

ትንሽ እንደሄድን ቱራው በአንድ ምት ሰርጎ ገባ፤ ውሃ ፈለቀ። ምንም ሳይሉ ዞረው በመጣንበት መለሱኝ።

ማታ አንድ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። ፊዚክስ ሳስተምር መልስ ከመስጠቱ በፊት ሁሌ ይጠይቅ ነበር። «ቲቸር፣ ቁጥሩ በሜትር ነው?» «ቲቸር፣ ፍሪክሽን የለም ብለን ነው?» ክፍሉ ይስቃል። አንድ ቀን እኔም ሳቅሁና «አንተ እስክትሻገር ይመሽብናል» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ጠይቆ አያውቅም።

ልጁ እኮ ቱራ ይዞ ነበር የሚሄደው። የነጠቅኩት እኔ ነኝ።

ስሙን አልጽፍም፤ ካነበበው ራሱን ያውቃል። ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ። የትም ሁን፣ እየመታህ ተራመድ።

መምህራን የሆናችሁ ተማሪዎቼም፣ የሚጠይቅ ልጅ ሲገጥማችሁ አደራ፣ አትሳቁበት።