የእናቴ ጉልበትና ጥያቄዋ



ጎንደር የዳገትና የቁልቁለት አገር ናት። እናቴም አዲስ ዓለም ተወልዳ፣ ዳገቱን ስትወጣና ስትወርድ ያረጀች ሴት ናት። ዛሬ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰግዳለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆሞ መስገድ ላቃተው ሶሓባ፣ ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን፣ ተቀምጦ እንዲሰግድ መፍቀዳቸውን ነገርኳት። «አውቃለሁ ልጄ፤ ግንባሬ ግን መሬቱን ናፈቀ» አለችኝ።

አንድ ምሽት ከሞተ ሰው የተወሰደ ልም አጥንት ለተጎዳ ጉልበት እንደሚተከል አነበብኩላት። ልም አጥንት በመገጣጠሚያው ላይ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከላከል ለስላሳ ሽፋን ነው። የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከተጎዳ በቀላሉ አይድንም። ስለዚህ ሐኪሞች ከለጋሹ ልም አጥንቱን ከሥሩ ካለው አጥንት ጋር ቆርጠው፣ በተጎዳው ቦታ ልክ ይተክሉታል። ችግሩ አቆያየቱ ላይ ነው። እንዲሁ ቢያቀዘቅዙት በረዶው በውስጡ ያሉትን ሕያው ሕዋሳት ይገድላል። ስለዚህ ወይ ከበረዶ የሚከላከል ፈሳሽ ይጨምሩበታል፣ ወይ ሳያግጉ በማቀዝቀዣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ያቆዩታል።

«በሙት ሰው አጥንት ሱጁድ ይወረዳል? ሐላልስ ነው?» አለችኝ።

የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ጂዳ ላይ ባደረገው አራተኛ ጉባኤ፣ ሕይወት ወይም መሠረታዊ የአካል ተግባር ለሚመካበት ሕክምና ከሟች አካል መውሰድን ፈቅዷል። ሟቹ አስቀድሞ ወይም ወራሾቹ ከሞቱ በኋላ መስማማት አለባቸው፤ የሰው አካል ግን አይሸጥም። ይህን ካስረዳኋት በኋላ እውነቱንም አልደበቅኋት፤ ይህ ሕክምና በአብዛኛው የሚጠቅመው ጉዳቱ ትንሽ ቦታ ላይ ለሆነ ወጣት ነው። በእርጅና መገጣጠሚያው በሙሉ ላለቀበት ሰው አይሆንም።

ታዝን ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እርሷ ግን ጥቂት ዝም ብላ፣ «ለእኔ የሚሆን ከሌለ፣ ከእኔ ለሌላ ሰው የሚሆን ነገር ይኖራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለተቋቋመው የዓይን ባንክ ነገርኳት። ከሟች የሚወሰደው የዓይን ብሌን የፊት ሽፋን ብርሃን ላጣ ሰው ይተከላል፤ የሽማግሌም ሊሆን ይችላል፤ መወሰድ ያለበት ግን በሞት ማግሥት ሳይሆን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው።

«እንግዲያው የእኔን ዓይን ስጥልኝ» አለች።

ውድ አንባብያን፣ ውሳኔውን ከነቀኑ ያወቅሁት እኔ መልስ አጣሁ። ወራሽ ማለት ለካስ እኔ ነኝ! በዚያች የሐዘን ሰዓት «እሺ» የሚለው አንደበት የእኔ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር «ሐራም ይሆናል» እያልን የምንሸሸው፣ ዑለማኦችን ጠይቀን ሳይሆን ሆዳችን ስለማይችለው ነው።

በሳምንቱ ቃል ገባሁላት። እናንተም ዛሬ ማታ ሻይ ላይ ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ለእናቴም በዱዓችሁ አትርሷት።