ዲናሞው ከመቀየሩ በፊት

አጎቴ የግንባታ ማሽኖች ኤሌክትሪሺያን ነው። የሎደር ባትሪ አልሞላ ሲል፣ ባለማሽኑ ቶሎ ብሎ «ዲናሞው ይቀየር!» ይላል። ዲናሞ ግን ውድ ነው። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ደግሞ የቀን ሠራተኛውም ሥራ ይፈታል።

አጎቴ መጀመሪያ ይለካል። ብዙዎቹ ትልልቅ ማሽኖች በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ 25 ቮልት ገደማ የነበረው፣ ሲነሳ ወደ 28 መውጣት አለበት። ካልወጣ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ ያያል። ከዚያ መብራቱን አብርቶ ሁለት ቦታ ይለካል። ዲናሞው ላይ 28፣ ባትሪው ላይ 26 ካገኘ ዲናሞው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ መሃል ላይ ነው፦ የዛገ ሽቦ ወይም የላላ ማሰሪያ።

እኔ ሶፍትዌር እሠራለሁ። የፕሮግራም ስህተት ስፈልግ የምሄደው በእሱ መንገድ ነው፦ ሁለቱንም ጫፍ ሳልለካ በማንም አልፈርድም።