የአባቴ ሞተር ጎማና እኔ

«ከሕይወታችሁ የተማራችሁትን ጻፉ» ስንባል አብዛኞቻችን ስለ ፈተና፣ ስለ ዶርም ወይም ስለ ፍቅር ነው የምንጽፈው። እኔ ስለ ጎማ ልጽፍ ነው። የክፍላችን ተማሪ «አሁንስ አበዛኸው፣ ክላስ ውስጥ አይበቃንም ወይ?» ይል ይሆናል። ታገሱኝ።

ያደግሁት አማኑኤል ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ አስፋልቱ መሃሏን ሰንጥቋት የሚያልፍ የማቻክል ወረዳ ከተማ ናት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ጡረታ ወጣ ማለት ግን ሥራ አቆመ ማለት አይደለም። ላም ምጥ ሲጠናባት፣ በሬ ሲነፋ፣ ሰው ዛሬም የሚደውለው ለእሱ ነው። የሚሄደውም ከጨረታ በገዛት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተሩ ነው። የግብርናና የጤና ሠራተኛ ገጠር ሲወርድ የሚነዳትን ያቺን ባለ ረጅም እግር ሞተር የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም።

ለእንዲህ ያለች ሞተር ጎማ መምረጥ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የሁለት መንገድ አገልጋይ ናት። መድኃኒት ለማምጣት ደብረ ማርቆስ ስትሄድ አስፋልት ነው። ቀበሌ ስትወርድ ኮረት፣ ቀይ አፈር፣ ክረምት ላይ ደግሞ ዋልካ። ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ጎማ ጭቃ ይቧጥጣል፤ አስፋልት ላይ ግን ይንቀጠቀጣል፣ መሬት የሚነካው ላስቲክ ትንሽ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝም ይሸሻል፣ መሃሉም ቶሎ ይበላል። ጥርሱ የተቀራረበው አስፋልት ላይ ዕድሜ አለው፤ ዋልካ ሲገባ ግን ጭቃው በጥርሶቹ መሃል ይሞላና ሳሙና ይሆናል። የአባቴ ምርጫ ሁልጊዜ መካከለኛው ነበር። እኔም ትክክል ነው እላለሁ።

ሰኔ 2014 ዓ.ም አንደኛ ዓመት ጨርሼ ቤት ገባሁ። የኋላው ጎማ ሙልጭ ብሎ ነበር። አባቴ ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝና «አንተ የተማርከው ለዚህ አይደል፣ ሂድና መርጠህ አምጣ» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ደብረ ማርቆስ ወርጄ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። መጠኑን አልተሳሳትኩም፦ 4.10-18። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬው ዲያሜትር፣ ሁለቱም በኢንች። ቀጥሎ ያለውን 59 እና የላቲኗን ፒ ፊደልም አነበብኩ፤ 243 ኪሎ ይሸከማል፣ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው። ባለሱቁ ጎማውን በጨርቅ ወልውሎ አብረቀረቀልኝ። ዋጋው ከሌሎቹ ይቀንሳል። «መቼ የተመረተ ነው?» አልኩት እንደ አዋቂ። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ሞላላ ሳጥን አሳየኝ፤ 2213 ይላል። «የ13 ነው ወንድሜ፣ የአምናው።» እኔም አምና 2013 ነበረና ራሴን ነቅንቄ ከፈልኩ።

ነሐሴ ላይ አባቴ ላም አዋልዶ ሲመለስ፣ ከጥርጊያው መንገድ ወጥቶ አስፋልቱን እንደያዘ ፍሬን ነካ። ያካፋል። የኋላው ጎማ አፈትልኮ ወጣና ሞተሯ በጎኗ ተኛች። የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ሆስፒታል ሄዶ በጀሶ ታሰረ። ላም የሚያዋልድ ሰው ቀኝ እጁን ሲያጣ ምን ማለት እንደሆነ የከብት አገር ልጅ ይረዳኛል። ሰው በር ላይ ቆሞ «እባክህ ድረስልኝ» ሲለው፣ ጀሶውን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ያሳየው ነበር። አጥንቱ ቢገጥምም፣ ብርድ ሲሆን ዛሬም ያመዋል።

ኅዳር 2015 ዓ.ም መምህራችን የጎማ ጽሑፍ ያስተምሩናል። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የምርት ጊዜ ናቸው አሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን። ከ2000 እንደ ፈረንጆች ወዲህ እንዲህ ነው የሚጻፈው። እንደ ፈረንጆች! እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። 2213 ማለት የ2013 እ.ኤ.አ. 22ኛ ሳምንት ነው፤ በኛ ግንቦት 2005 መጨረሻ። ለአባቴ የገዛሁለት «የአምና» ጎማ ዘጠኝ ዓመት የተኛ ነበር። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ አየሩ፣ ፀሐዩና ሙቀቱ ያደርቁታል፣ ይጠነክራል፣ እርጥብ መንገድ ላይ መያዣ ያጣል። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ግን ለዓይን አዲስ ነው።

ጓደኞቼ «በዝናብ ማንም ይወድቃል፣ በጎማው ላይ አታላክክ» አሉኝ። እውነት ነው፤ ጥርሱ ጭቃ ይዞ ነበር፣ ፍሬኑም ሳያጠብቅበት አልቀረም። ማስረጃ የለኝም። ባለሱቁም አውቆ ያታለለኝ አይመስለኝም፤ እሱም እንደኔ በኛ አቆጣጠር ነው ያነበበው። ግን የተማርኩት እኔ ነበርኩ አይደል?

ለመናገር አንድ ወር ፈጀብኝ። ለገና ቤት ስገባ ጎማውን አሳየሁት። ጎኑን ወደ ውስጥ ስጫነው ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች ታዩ። አባቴ ዝም ብሎ ሰማኝና «ጥፍር እንደማይገባበት ያን ጊዜም አይቼ ነበር» አለ።

«ታዲያ አባዬ፣ ምነው ዝም አልክ?»

«አንተ መርጠህ አመጣኸዋ።»

ከዚህ በላይ አልተናገረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ አብረን ወረድን። እሱ ጥፍሩን እየተከለ፣ እኔ ቁጥሩን እያነበብኩ 1022 የሚል አገኘን። ካላማዳሪውንም አብረን ቀየርን፤ አሮጌ ካላማዳሪ በአዲስ ጎማ ውስጥ ማስገባት የውሸት ቁጠባ ነው። አማኑኤል ተመልሰን ጎሚስታው ለሚኒባስ እንደሚሞላው አድርጎ ሊሞላው ሲል አስቆምኩት። ጎኑ ላይ የተጻፈው የንፋስ መጠን የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚነዳበት አይደለም፤ የሚነዳበት በሞተሯ መመሪያ ላይ ነው ያለው፣ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ በጠዋት ነው። ጎሚስታው «ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ስም አወጣልኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ስለሚያንሸራትት መቶ፣ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እስኪሄድ ቀስ ብለህ ንዳ ብዬ አባቴን ለመንኩት። ነዳ።

ባለፈው የፊቱን ሊቀይር ብቻውን ሄዶ ከሱቁ ደወለልኝ። ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ ካነበበልኝ በኋላ ባለሱቁ እየሰማ ጮክ ብሎ «ይኼ የኛ ነው የፈረንጅ?» አለኝ።