ቅሬው ያስተማረን

ዛሬ ስለ ራሳችን እንጽፋለን። ጥፋታችንም አለበት።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ የይፋት ቆላ ሙቀት ይቀበለዋል። ሸዋ ሮቢት ያለችው እዚያ ነው። እኛም የዚህችው ሽንኩርትና ማሾ የሚጫንባት ከተማ ልጆች ነን።

ጀመዓችን የተጀመረው በአንድ ረመዳን ነበር። ሰባት ሆነን ከተራዊሕ በኋላ ተቀመጥንና ለአቅመ ደካሞች ተምርና ዱቄት ለመሰብሰብ ተስማማን። ቲሸርትና ባነር አሠራን። ቤት ለቤት እየዞርን ከየእናቱ ጋር ፎቶ ተነሣን፣ ለጠፍንም። ማሻአላህ የሚለው በዛ። ዒድ አለፈ፣ ሸዋል ገባ፣ እኛም ተበተንን።

ከወር በኋላ ዱቄት የሰጠናቸው አንዲት እናት ከእኛ አንዱን መንገድ ላይ አገኙት። «ምነው ጠፋችሁ ልጄ? ያመማችሁ መስሎኝ ዱዓ ሳደርግ ነበር» አሉት። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዐረብ አገር ያለችው ልጃቸው ፎቶውን ስልኳ ላይ አይታ ስታለቅስ እንዳደረች ነገሩት። ልጅቱ ለእናቷ ገንዘብ ልትልክ የተሰደደች ናት። እናቷ ዱቄት ሲቀበሉ ያየቻቸው ከእኛ ገጽ ላይ ነው።

ያን ማታ ተሰብስበን ብዙ አልተነጋገርንም። ሰደቃን ይፋ ማውጣት መልካም ቢሆንም ደብቆ ለድሃ መስጠት የበለጠ መሆኑን ቁርኣን እንደሚያስተምር ሁላችንም ተምረናል። ግን ረስተነው ነበር።

በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሞተ። ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነውን ቅሬ ያን ቀን ዐይናችንን ከፍተን አየነው። ጠሪው ዞረ። ወንዱ ዶማና አካፋ ይዞ ወደ መቃብር ወጣ። ሴቶቹ እንጀራ፣ ውሃና እንጨት ይዘው መጡ። የቀረ ሰው በቅሬው ዳኛ ፊት ይጠየቃል፣ ይቀጣል። ባነር የለም፣ «በጎ አድራጊ» የሚባልም የለም። ዛሬ የተረዳው ትላንት ለሌላው ጉድጓድ የቆፈረ ነው። በይፋትም በወሎም በብዙ መንደር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በዚሁ ሥርዓት ይቀባበራል።

እኚያ ዱቄት የሰጠናቸው እናትም እዚያ ነበሩ፤ ሟቿን ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷ እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ስህተታችን ፎቶ ብቻ እንዳልነበረ ገባን። ለእሳቸው ሰጠን እንጂ ከእሳቸው ምንም አልጠየቅንም። ቅሬው ግን አባል አድርጓቸዋል፤ ስለዚህ ሲቀበሉ አያፍሩም።

ጀመዓውን እንደገና ስንጀምር ሕጉን ከአባቶቻችን ተዋስን። ወርሃዊ መዋጮ ትንሽ ሆነች፣ ግን አትቋረጥም። ለእያንዳንዱ አዛውንት ቤት ሁለት ሁለት ልጆች ተመደቡ፤ የቀረ ይቀጣል። የተረጂ ፎቶ ተከለከለ። ሒሳብ በየወሩ ከጁሙዓ በኋላ ይነበባል፣ አማና ነውና። የምንረዳቸውም የሚችሉትን ይሰጣሉ። እኚያ እናት ለእህቶቻችን ጀናዛ ማጠብና ከፈን መቁረጥ አስተማሯቸው።

ከዚያ ፈተናው መጣ። በ2013 የአጣዬና የአካባቢው ሰው ቤቱ ተቃጥሎ ተፈናቀለ። በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ ራሷ ሸዋ ሮቢት ገባ። ያን ጊዜ ዓሊም ነኝ፣ ጀግና ነኝ የሚያሰኝ ሥራ አልሠራንም። ግን ማን መራመድ እንደማይችል፣ የማን የስኳር መድኃኒት እንዳለቀ ለማወቅ ስብሰባ አላስፈለገንም፤ መዝገቡ ላይ ነበር። ተረኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወደየቤታቸው ሄዱ። ለተፈናቀለው ውሃ ስንቀዳም ስምህ ማን ነው፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብለን አልጠየቅንም።

ከተማዋ ስትረጋጋ ተሰብስበን መዝገቡን አነበብን። ስማቸው ተጠርቶ «አቤት» ያላሉ ነበሩ። የተሰደደ አለ፣ የሞተም አለ። ስማቸውን አልሰረዝንም፤ ቤተሰቦቻቸው ያሉበት ቤት ተረኛ ተመደበለት።

ውድ ወጣቶች፣ ኡስታዞቻችን ትንሽም ብትሆን የማትቋረጥ ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ እንደሆነች ደጋግመው ነግረውናል። እኛ የገባን ዘግይቶ ነው። በከተማችሁ ጀመዓ ልታቋቁሙ ካሰባችሁ ከቲሸርቱ በፊት ደብተር ግዙ። ለመምከርም ሩቅ አትሂዱ፤ የሰፈራችሁን የቅሬ ወይም የዕድር አባቶች ጠይቁ። የምትረዷቸውን እናትም «ምን ያስተምሩናል?» በሏቸው።

ልጅቱ አሁንም ዐረብ አገር ናት። ፎቶውን አጥፍተነዋል፤ እሷ ግን አይታዋለች። ዐፉ እንድትለን እንለምናታለን። አላህ ከይዩልኝ ይጠብቀን፣ ትንሿን ሥራችንንም ይቀበለን። አሚን።