የሙሻ ደሴት ውሎአችን

«የባሕር ሽርሽር» የሚለውን ስታዩ የሀብታም ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። እኛ ጅጅጋ ያደግን ልጆች ባሕርን የምናውቀው ካርታ ላይ በተቀባው ሰማያዊ ቀለም ነው። ነገ ደግሞ ያንኑ ቀለም በዘንግ እየነካን ልናስተምር ነው። ስለዚህ ውስጡ ገብቶ ያየ ሰው ያየውን ቢናገር አይከፋም በማለት ይህችን አቀረብኩ።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ጅቡቲ ወደሚኖረው አጎቴ ሄድን። እማዬ ወንድሟን ካየችው ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። ካራማራን ተሻግረን፣ ሐረርን አልፈን፣ ከድሬዳዋ በባቡር ገባን። የመንገዱን ነገር ሌላ ጊዜ።

አጎቴ እኛን ለማስደሰት አንድ ዓርብ ቀን ጀልባ ተከራይቶ ሙሻ ወደምትባለው ደሴት ወሰደን። ሙሻ ከጅቡቲ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የምትገኝ፣ ተራራ የሌላት ዝቅተኛ የኮራል ደሴት ናት። በ1840 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከታጁራው ሱልጣን በ10 ከረጢት ሩዝ ገዟት ይባላል። አሥር ከረጢት! እኛ ገበያ ውስጥ አንድ ጋሪ የሚጭነው ነው እኮ።

የአጎቴ ልጅ ዕድሜው 17 ሲሆን የጠላቂነት ፈቃድ አለው። የአየር ሲሊንደር አዝሎ፣ ወገቡን እርሳስ ታጥቆ ከአሠልጣኙ ጋር ወረደ። መዋኘት ለማንችለው ለእኔና ለወንድሜ ግን ተንሳፋፊ ሰደርያ፣ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ተሰጠን። ፊቴን ውኃ ውስጥ ነክሬ በአፌ ልተነፍስ ስል ሰውነቴ እምቢ አለ። አእምሮ ቱቦው ከውኃው በላይ መሆኑን ያውቃል፤ ሳንባ ግን አያምንም። ከብዙ ትግል በኋላ ሲለቀኝ፣ ከሥሬ ሌላ አገር ተዘርግቶ አገኘሁት። የበቀቀን መንቁር የመሰለ አፍ ያለው ዓሣ ኮራሉን ሲግጥ አየሁ። ይህ ዓሣ የጋጠውን ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል፤ የረገጥነው ነጭ አሸዋ ከፊሉ የእሱ ሥራ ነው። ጀልባ ነጂው «ኮራሉን እንዳትረግጡ፣ ነፍስ አለው!» እያለ ይጮህብን ነበር። እውነቱን ነው፤ ኮራል ድንጋይ መስሎ የሚታይ የጥቃቅን እንስሳት መንደር ነው። በሐረርጌ ደጋ የምናየው የኖራ ድንጋይም ብዙው በጁራሲክ ዘመን በባሕር ሥር የተነጠፈ ነው። እንግዲህ ባሕሩ ራሱ አንድ ጊዜ እኛ ዘንድ መጥቶ ነበር ማለት ነው።

አሁን ለእኛ ሙያ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ለአጎቴ ልጅ አንድ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቄ ሰጠሁት። ይዞት 10 ሜትር ሲወርድ ሃይላንዱ ተጨማዶ ግማሽ ሆነ፤ ይዞት ሲወጣ እንደገና ተነፋ። ውኃ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨምራልና ነው። ከሲሊንደር የሚተነፍስ ጠላቂ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የማይወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ታች የሳበው አየር ላይ ሲደርስ እጥፍ ሆኖ ሳንባውን ይቀድዳል። ቦይል የሚባለውን ሕግ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሸምድጄዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

እማዬ በዚህ ሁሉ መካከል ጥላው ሥር ተቀምጣ ነበር። ጀልባ ነጂው «ሆዮ፣ ይምጡ እንጂ» ቢላት እንኳ አልተነሣችም። ዓይኗ ወደ ሰሜን ነው። በዚያ በኩል ኦቦክ አለ፤ ወገኖቻችን በሌሊት ወደ የመን የሚሻገሩበት። በጥር 2011 ዓ.ም. በኦቦክ አካባቢ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሰፈራችን የአንዲት እናት ልጅም በዚያው መንገድ ወጥቶ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። እማዬ ከእሷ ጋር ቡና ትጠጣለች። አጎቴ ግን ይህን አላወቀም፤ ያን ያህል ወጪ አውጥቶ እኅቱ ፊቷን ስታዞርበት ቅር አለው። እኔም በሁለቱ መካከል ሆኜ ምን እንደምል ጨነቀኝ።

ልንመለስ ስንል ራሷ ተነሥታ ከነልብሷ እስከ ጉልበቷ ገባች። «እስቲ ያንን መነጽር» አለች። አጎቴ እጇን ያዘላት፤ ጎንበስ ብላ ፊቷን ነከረች። ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ ውኃውን ከፊቷ ጠረገች።

«እትዬ፣ ምን አየሽ?» አላት አጎቴ።

«እስከ ታች ይታያል እኮ» አለችው። «እኔ ጨለማ ነበር የሚመስለኝ።»

ይህን ለጎረቤታችን ትንገራት አትንገራት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።