የቀትር ሒሳብ

ድሬዳዋ ያደግን ልጆች ቀትርን እናውቃታለን። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፤ ባለሱቁም ውኃ የተረጨ ሲሚንቶ ላይ ጋደም ይላል። አባታችን ግን ተሸካሚ ነበርና የሚዘጋው በር አልነበረውም። "ጭነት ጥላ አይጠብቅም" ይለን ነበር።

አንድ ግንቦት ከነጆንያው ወደቀ። ሳምንት ሙሉ ተኛ። ያኔ ሒሳቡን በጣታችን ቆጠርነው፦ የሰባት ቀን ገቢ ቀረ፤ ለግሉኮስና ለባጃጅ ተበደርን፤ እናታችን ልታስታምም ብላ ጉልቷን ተወች፤ እኛም ከትምህርት ቤት ቀረን። ሰፈሩ "ሙቀት መታው" አለ፤ በቃ። በማንም መዝገብ አልገባም።

ዛሬ ኢኮኖሚክስ ክፍል ተቀምጠን ያንኑ ሒሳብ በትልቁ አገኘነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በ2030 ሙቀት ከዓለም የሥራ ሰዓት 2.2 በመቶውን እንደሚበላ ገምቷል፤ ይኸም የ80 ሚሊዮን ሰው የሙሉ ጊዜ ሥራ፣ በገንዘብ 2.4 ትሪሊዮን ዶላር ነው። ደግሞም መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ላይ ያለ ሰው በ33 እና በ34 ዲግሪ መካከል ግማሽ አቅሙን ያጣል ይላል። እንግዲያው አባታችን በግማሽ ጉልበት ሙሉ ጆንያ ይሸከም ኖሯል!

ትሪሊዮኑ ሲጠራ የመንግሥታት ኪሳራ ይመስላል። እኛ ግን ዕዳው መጀመሪያ የሚከፈለው በማን ቤት እንደሆነ አይተናል። ለመሆኑ አንድ ዳስ፣ አንድ እንስራ ውኃ፣ የሁለት ሰዓት ዕረፍት ስንት ያወጣል? ጓደኞቻችን፣ ነገ በጀት የምንጽፈው እኛው ነን። ያችን መስመር እንዳንዘላት።